ሁለት ጣት

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ጁምዓ በየሶላቱ መጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ይለምን ነበር፤ የገዛ እጁ ሥራ ተበላሽቶ እንዲገኝ። ይህን የአሶሳ ሰው ቢሰማ አያምንም። ጁምዓ እኮ የጠገነው ብስክሌት መንገድ ላይ ቢሰበር «ነጂው ነው» የሚል፣ ነጂው ካልሆነ «መንገዱ ነው» የሚል፣ መንገዱ ለጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ፋብሪካውን የሚሰድብ ሰው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከገበያው ጥግ፣ በሸመል በተከለለች ዳሱ ውስጥ ብስክሌት ሲጠግን አንድ ቀን «አጠፋሁ» ሲል የሰማው የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ለዚህ ጸሎት ያበቃው አንድ ቁራጭ ክር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ያን ጊዜ ክልሉ ከተቋቋመ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ቢሮዎቹ ጠረጴዛ እንጂ መኪና አልነበራቸውም፤ አንዳንዶቹማ ጠረጴዛውም አልነበራቸውም። መምህር ዳምጠው ከጎጃም፣ ከቢቸና ተመድቦ የመጣ የትምህርት ሱፐርቫይዘር ነበር። ሥራው ከአሶሳ እስከ መንጌ ድረስ አዲስ የተከፈቱትን ትምህርት ቤቶች እየዞሩ ማየት ነው፤ የሚዞረውም በእግሩ ነበር። ታዲያ በጥቅምት ወር፣ መንገድ ሲያስጠና የከረመ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል የተራራ ብስክሌቱን ለትምህርት ቢሮው ሰጠ። ቢሮውም ለዳምጠው ሰጠው። ዳምጠውም የመጀመሪያውን ቀን እንደ ነዳት በቀጥታ ወደ ጁምዓ አመጣት።

ብስክሌቷን ያየ ሁሉ «ታማለች» አለ። የፊት ጎማዋን የያዘው ሹካ እንደ ሌሎቹ ግትር አይደለም፤ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የገባ ነውና ሰው ሲጫናት ሰመጥ ይላል፣ ሲወርዱላት ይመለሳል። በአሶሳ ደግሞ ሰመጥ ያለ ብስክሌት የተሰበረ ብስክሌት ነው። ጁምዓም እውነተኛ ባለሙያ እንደሚያደርገው ሊበይዳት ተነሣ። ፈረንጁ በዚያ በኩል ሲያልፍ ባያይና ሮጦ ባያስጥላት ኖሮ፣ ያቺ ብስክሌት እስከ ዕለተ ሞቷ እንደ ቃሬዛ ተገትራ ትቀር ነበር።

ጁምዓና ፈረንጁ አንድም የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ፈረንጁ ከኪሱ ክር አወጣና በላይኛው ቱቦ ዙሪያ፣ ልክ ከታችኛው ቱቦ አፍ ላይ አሰረው። ዳምጠውን ኮርቻው ላይ አስቀመጠው። ሹካው ሰመጥ ሲል የታችኛው ቱቦ አፍ ክሩን ወደ ላይ ገፋው፤ ዳምጠው ቀስ ብሎ ሲወርድና ሹካው ሲመለስ ክሩ የተገፋበት ቦታ ላይ ቀረ። ፈረንጁ ከቱቦው አፍ እስከ ክሩ ባለው ክፍተት ላይ ሁለት ጣቱን አጋድሞ አሳየ። ክፍተቱ ከሁለት ጣት ካነሰ ሞላው ለሰውየው ጠንክሯል፤ ከበለጠ ላልቷል። ከሹካው አናት ላይ ያሉትን ክብ ቁልፎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞረ እንዴት እንደሚስተካከል አስተማረው። ሞላ ይባል እንጂ ውስጡ ያለው አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደረ ጎማ ነው።

ጁምዓን ጣት ብቻ አላረካውም። ዳምጠውን እጁን ይዞ ከዳሱ አጠገብ ወዳለው የሰሊጥ ነጋዴ ወደ ሙዐዊያ መጋዘን ወሰደውና ሚዛን ላይ አቆመው። ሰባ አንድ ኪሎ። በዳሱ ምሰሶ ላይ በከሰል ጻፈው። ከዚያም ቁልፎቹን ሳይነካ ራሱ ብስክሌቷ ላይ ወጥቶ፣ የእሱ ክብደት ክሩን የገፋበትን ርቀት በሸመል ስንጣሪ ለክቶ ቆረጠና ጣሪያው ሥር ሰካው። «ለምንህ ነው?» ቢባል አያውቅም። የተለካ ነገር ይወዳል፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከዚያ ወዲህ ዳምጠው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ክሩን ሳያስለካ ሳምንቱ አያልፍም ነበር። ሁለቱ ሰዎች በሰበቡ ወዳጅ ሆኑ። በረመዳን ዳምጠው ጁምዓ ፊት ውኃ እንኳ አይጠጣም፤ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ጁምዓ የጾሙን ቀን ከጿሚው በላይ ይቆጥራል። ሚስቱ ነዕማ ለዳምጠው ገንፎ ስትልክ ቅቤውን ትታ በባሚያ አድርጋ ነው። ቤተሰቡ ቢቸና ለቀረ ብቸኛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁዳዴ ከገባ በሦስተኛው ሳምንት ክፍተቱ አንድ ጣት ተኩል ሆነ።

«ያ ኡስታዝ!» አለ ጁምዓ መምህሩን፣ በተሰባበረ አማርኛው፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «አንተ ጾም ይዘሃል፣ ጾም ደግሞ አንተ በልቷል!»

«ለፋሲካ እመልሰዋለሁ አያ ጁምዓ። በግ አለ፣ ዶሮ አለ፤ ምን ቸገረኝ።»

«እንግዲያ እኔ ቁልፍ አልነካ። ጾም ይሄዳል፣ አንተ ትመጣለህ።»

ተሳሳቁ። ጁምዓ ሞላውን ለጾም ብሎ አላላላውም።

ፋሲካ አለፈ። በጉም ተበላ፣ ዶሮውም ተበላ። የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ዳምጠው መጣና ተቀመጠ፣ ወረደ። ጁምዓ ሁለት ጣቱን አጋደመ፤ አንዷ ብቻ ገባች።

«ይቺ ሹካ ልትገድለኝ ነው» አለ ዳምጠው፣ መዳፎቹን እያሸ። «ጠንክራብኛለች። ከመንጌ ስመለስ እጄ ይደነዝዛል፣ እግሬን ጉንዳን የወረረው ይመስለኛል። ሐሙስ ዕለት ጭራሽ ቦይ ውስጥ ከተተችኝ።»

«ቦዩ አላየህም?»

«ጭጋግ ነበር።»

በሚያዝያ አሶሳ ላይ ጭጋግ! ጁምዓ ግን ያንን አላሰበም፤ ያሰበው ሞላውን ነው። ጎማ እንደ ሰው ነው፣ ሲያረጅ ይደርቃል አለ በልቡ። እና ደግሞ ሰውየው ከስቷል፤ ጾሙ ጎድቶታል። ስለዚህ ሁለት ሥራ ያዘ፤ ሹካውን መፍታትና ወዳጁን ማወፈር።

ሁለተኛው ሥራ ቀላል ነበር። የማንጎ ወቅት ነው፤ የጁምዓ ጓሮ በማንጎ ተጥለቅልቋል። በየቀኑ አንድ ዘንቢል ሙሉ ወደ ዳምጠው ቤት ይልካል። ነዕማ መንጌ ካለው የአባቷ ቀፎ በመጣ ማር ጥሩ አድርጋ ብርዝ ትበጠብጣለች። ዳምጠው እንደሆነ «ቆላው አቃጠለኝ» እያለ፣ ቆሞ፣ አንድ ጆግ ብርዝ ሳይተነፍስ ይጨልጥ ጀመር። ጁምዓ ይህን ሲያይ ልቡ ቅቤ ይጠጣል። ጠጣልኝ፣ በላልኝ፣ አሁን ይወፍራል ይላል። እየደጋገመም ይቀዳለታል።

የመጀመሪያው ሥራ ግን አላምር አለ። ሹካውን ፈታ፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ በአውራ ጣቱ ተጫናቸው። ጤነኞች ናቸው፤ ይጨመቃሉ፣ ይመለሳሉ። በምትካቸው ሊያስገባ የነዕማን አዲስ ነጠላ ጫማ ቆርጦ አዘጋጅቶ ነበርና ያ ጫማ በከንቱ ሞተ። ቱቦውን አጠበ፣ ግራሶ ቀባ፣ ገጠመ። ዳምጠውን አስቀመጠው። አንድ ጣት። በማግሥቱ እንደገና ፈታ፣ እንደገና አጠበ፣ ገጠመ። አንድ ጣት፤ እንዲያውም ለአንድ ጣትም ጠበብ ያለ መሰለው።

«ቁልፉን አላላውና ገላግለኝ እንጂ» አለ ዳምጠው። «የፊታችን ማክሰኞ መንጌ መሄድ አለብኝ። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ነው፤ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ።»

ጁምዓ ቁልፉን ያዘና ተወው። አንድ ግማሽ ዙር ወደ ግራ ማለት ነበር፣ ሌላ ምንም አይፈልግም። እጁ ግን እንቢ አለው። ማላላት ማለት ሰውየው እንዲህ ነው፣ እንዲህም ይቀራል ብሎ መፈረም መሰለው። ያን ጊዜ ነው ያቺ የሚያስፈራ ሐሳብ የመጣችው። ሞላው ካልታመመ የታመመው ሰውየው ነው።

ሐሳቧን ገፋት። ለሦስተኛ ጊዜ ሹካውን ፈታ። በየሶላቱም ያንን ጸሎት ይጸልይ ጀመር፤ «ያ ረቢ፣ ጥፋቱ የእጄ ይሁን።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነዕማ ምሳ ይዛ መጣችና ባሏ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የተፈታውን ሹካ ታቅፎ አገኘችው። ነዕማ ቀጥተኛ ሴት ናት። በራሳቸው ቋንቋ፣ በበርታ፣ እንዲህ አለችው።

«ራስህ ለምን አትቀመጥባትም?»

«ለምን?»

«ጣሪያው ሥር የሰካኸው ስንጣሪ ለምን ነበር ታዲያ? ለጥርስህ መጎርጎሪያ ነው?»

ጁምዓ ስንጣሪውን ረስቶት አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ ቀና ብሎ ላለማየት ሲታገል ነው የሰነበተው። ሹካውን ገጠመ፤ እንደዚያን ቀን እጁ ተጓትቶ አያውቅም። ክሩን አስተካከለ፣ ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ነዕማ ስንጣሪውን አውርዳ ሰጠችው። ከቱቦው አፍ እስከ ክሩ አስገባው። ልክክ አለ። አንዲት ፀጉር አልጎደለም፣ አንዲት ፀጉር አልተረፈም።

«ምናልባት እኔ ወፍሬ ይሆናል» አለ። «ሹካውም ደርቆ፣ እኔም ወፍሬ፣ ተካክሶ ይሆናል።»

«ሱሪህ የሠርግህ ሱሪ ነው» አለች ነዕማ።

ጁምዓ በዕድሜው አንዴ የእጁ ሥራ ስህተት እንዲሆን ቢለምን፣ እጁ አልሳተም። አቀርቅሮ አለቀሰ። ነዕማ ምሳውን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

ሰኞ ጠዋት ዳምጠው ብስክሌቷን ሊወስድ መጣ። ሸሚዙ አንገቱ ላይ እንደ ተውሶ ልብስ ተንጠልጥሏል። ዳሱ ሥር እንደ ወትሮው ወሬኛው ሞልቷል፤ ሙዐዊያም ከመጋዘኑ ደጃፍ ላይ በርጩማውን አውጥቶ ተቀምጧል። ጁምዓ ነገር ማሽሞንሞን አያውቅበትም፣ አማርኛውም አያግዘውም።

«ያ ኡስታዝ፣ ሞላ አልታመመ። አንተ ነው የታመመ። ሐኪም ሂድ።»

ዳምጠው ፊቱ ልውጥ አለ። የደነገጠ ሰው አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይቀልዳል፤ ዳምጠው ከሁለተኞቹ ነበር።

«ሰማችሁ?» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ሹካ ማስተካከል ቢያቅተው ነጂውን በሽተኛ አደረገው! ነገ ደግሞ ጎማ ሲተነፍስበት ሳንባችሁ ነው ይላችኋል!»

ዳሱ በሳቅ አውካካ። ሙዐዊያ ከበርጩማው ሊወድቅ ደረሰ። ጁምዓ የጆሮው ጫፍ ጋለ። አፉ ላይ የመጣውን ስድብ፣ ያውም በሦስት ቋንቋ የተዘጋጀውን፣ ሊለቀው ሲል የዳምጠውን እጅ አየ። ብስክሌቷን የያዘ መስሎ ተደግፎባታል፤ ብትሸሽ ይወድቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የደበቀን ሰው ደግሞ መክሮ መመለስ ጊዜ ማጥፋት ነው። ጁምዓ ስድቡን ዋጠው።

«እሺ» አለ። «እኔ አጠፋሁ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አንዱ «ምን አለ?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ።

«ሞላ እኔ አበላሸ» አለ ጁምዓ፣ ከፍ አድርጎ። «ጎማው በትክክል አልገባ። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ለማስተካከል ልክ ኪሎ ይፈልጋል። የሙዐዊያ ሚዛን ሌባ ነው፣ አላምነውም።»

«ወላሂ ይህን ሰው!» ብሎ ሙዐዊያ ተነሣ።

«ሆስፒታል ሚዛን እውነት ነው። ና፣ እንሂድ። ኪሎ ይጻፍልኝ፣ ዛሬ እጨርሳለሁ፣ ነገ መንጌ ትሄዳለህ። ሀላስ፣ አለቀ።»

እንዲህ ከሆነ ዳምጠው ምን ይላል? ለብስክሌት ነው የሚመዘነው፣ ለሌላ አይደለም። ጁምዓ ኮርቻው ላይ አስቀመጠውና መሪውን ይዞ እየገፋ፣ በገበያው መካከል፣ «ሞላ ያበላሸው» የሚለው ሹክሹክታ እየተከተለው ሄደ። መንገድ ላይ ዳምጠው ሁለት ጊዜ «አንዴ ቁም» ብሎ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሽንቱን ሸና።

በሆስፒታሉ የተረኛዋ ነርስ ጸሐይነሽ ትባላለች። ብስክሌት እየገፋ ገብቶ «ለሞላ የሚሆን ኪሎ» የጠየቃት ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠማትም። ቢሆንም መዘነችው። ሃምሳ አራት።

«ሃምሳ አራት» አለ ጁምዓ በቀስታ። «በጥቅምት ሰባ አንድ ነበር።»

ጸሐይነሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ዳምጠውን በደንብ አየችው። «ውኃ ይጠማዎታል?»

«ቆላው እኮ...»

«ሽንትስ? ያመላልስዎታል? እጅ እግርዎን ይደነዝዝዎታል? ዓይንዎ ይጋረዳል?»

ዳምጠው ጁምዓን አየው። ጁምዓ መሬት መሬቱን አየ። ጭጋጉና ቦዩ፣ ያ ጉንዳንም፣ ያን ጊዜ ተራ በተራ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሽንቱ ተመረመረ፤ ዶክተር ተጠራ፤ ስኳር ነው ተባለ፤ ያውም ነገ መንጌ መንገድ ላይ የሚጥል ዓይነት። ወዲያው አልጋ ተሰጠው።

«ሰሞኑን ምን ሲመገቡ ነበር?» አለች ጸሐይነሽ፣ መርፌውን እያዘጋጀች።

«ማንጎ» አለ ዳምጠው። «እና ብርዝ።»

«ብዙ?»

ዳምጠው መልስ ሊሰጥ ሲል ጁምዓ ቀደመው። «እኔ ነው የሰጠሁ» አለ። «በየቀኑ። በዘንቢል። ማሩ ጥሩ ማር ነው።» በዳሱ ሰው ፊት «አጠፋሁ» ሲል ውሸት ነበር፣ አልከበደውም። ይኸኛው ግን እውነት ነበር። «እኔ ነው የመረዘ። ያ ኡስታዝ፣ እኔ አጠፋሁ።»

ዳምጠው ከአልጋው ሆኖ የጁምዓን ግራሶ የጠጣ እጅ ያዘ። «አንተማ ባትኖር እኔ ነገ የት ነበርኩ?» አለው። «ዝም በል እስቲ።»

ዳምጠው ከሆስፒታል የወጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዝናቡ ሲገባ ነው። የመርፌው መድኃኒት ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣ ደግሞ ከወዴት ይምጣ? ነዕማ አንዲት ትንሽ ገንቦ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብራ ብልቃጡን እዚያ አኖረችለት። ጠዋትና ማታ ዳምጠው እነሱ ቤት እየመጣ ይወጋል፤ የማሽላ ገንፎውን በባሚያ፣ በልክ፣ በልቶ ይሄዳል። ማንጎ የሚባል ነገር በዚያ ግቢ ውስጥ ስሙ አይነሣም። ዛፉ ያፈራውን ጁምዓ እየለቀመ ለሙዐዊያ ሲሰጥ ሰነበተ፤ ለሚዛኑ ካሣ እንዲሆን።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ድሮው ክሩ ይለካል። ጁምዓ ቁልፎቹን አሁንም አልነካም። ምሰሶው ላይ ከሰባ አንድ ሥር ሃምሳ አራት ተጻፈ፣ ከዚያ ሃምሳ ስምንት፣ ከዚያ ስድሳ ሦስት። ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ገበያው ውስጥ ስሙ «ሞላ ያበላሸው ጁምዓ» ሆኖ ቀርቷል። ደንበኛ ብስክሌቱን ሲያመጣ «ይህችን እንኳ አታበላሽብኝም መቼስ» ይለዋል። የጥንቱ ጁምዓ ቢሆን ፒንሳውን ይወረውር ነበር። አሁን አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ይሠራል። ዳምጠው ይህን ሁለት ጊዜ ሰማ። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ነገር ሊናገር ሲል ጁምዓ ዓይኑን አፍጥጦ ዝም አሰኘው። ወዳጁ ሐኪም ቤት የገባበትን ምስጢር ጁምዓ ገበያ ላይ አያወጣበትም።

በሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናብ ባረፈበት አንድ ቅዳሜ፣ ዳምጠው ብስክሌቷ ላይ ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ጁምዓ ተንበረከከና ጣቶቹን አጋደመ። አንዷ ገባች። ሁለተኛዋም ገባች፤ ሳትጠብ፣ ሳትሰፋ።

ዳምጠው ከላይ ሆኖ ጣቶቹን አየ፤ የዚያን ሰው ራስ፣ ሸበት ጣል ጣል ያለበትን፣ አየ። ከዚያ ወደ ገበያው ዞረና፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ በሚያሰኝበት በዚያ የመምህር ድምፁ ጮኸ።

«ስሙኝ! ሙዐዊያ፣ አንተም ስማ! ይህች ሹካ አንድም ቀን ተበላሽታ አታውቅም! ስኳር ይዞኝ የተበላሸሁት እኔ ነኝ! ይህ ሰው እኔን ለማዳን ሲል የራሱን ስም ገደለ፤ እኔም ስቄበታለሁ!»

ሙዐዊያ ከበርጩማው ተነሥቶ መጣ፤ ምሰሶው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከላይ እስከ ታች አነበበ።

ጁምዓ ቀና አላለም። ጆሮው እስከ ጫፉ ግሏል። «ዝም በል ያ ኡስታዝ» አለ። «ብስክሌቷ አትነቅንቅብኝ፣ እየለካሁ ነው።»

ለክቶ ጨርሶ ነበር። ቢሆንም ሁለት ጣቶቹን ከዚያ ሳያነሣ ብዙ ቆየ።